ለልጆቻችን ፍሬው ወይስ ጁሱ?



በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሳው ብዙዎቻችን መልካምነቱን ተጠራጥረነው ስለማናውቅ መጠጥ ነው። ልጅ ለስላሳ ሲያበዛ ያየ ወላጅ «ተው፣ ጥርስህን ይበላዋል!» ማለቱ አይቀርም። ያው ልጅ ብርጭቆ ሙሉ ጁስ ሲጨልጥ ግን ፊታችን ይፈካል፤ «ጎሽ የኔ ልጅ፣ ጨርሰው» እንላለን። ጁስ ከፍራፍሬ የሚገኝ ነው፤ ፍራፍሬ ደግሞ ጤና ነው። እንግዲያው ጁስ ጤና ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ይህ አስተሳሰብ ከፊሉ እውነት ነው። ፍራፍሬ አላህ (ሱ.ወ) ለባሮቹ ከሰጣቸው ጸጋዎች አንዱ መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን ፍሬው ተጨምቆ ብርጭቆ ውስጥ ሲገባ የሚቀርበት ነገር አለ፤ የሚበዛበትም ነገር አለ። የሚቀረውና የሚበዛው ምን እንደሆነ ያወቀ ወላጅ ለልጁ ምን ያህል፣ መቼና እንዴት እንደሚሰጥ አይቸገርም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይኸው ነው እንጂ ሐላል የሆነውን ጁስ ሐራም ለማስመሰል አይደለም።

ጁስ ከየት ከየት ይመጣል?

በከተማ በምንኖር ቤተሰቦች ዘንድ ጁስ በአራት በኩል ወደ ልጆቻችን ይደርሳል። አንደኛው ጁስ ቤት ነው። ሁለተኛው በካርቶንና በፕላስቲክ የታሸገው ነው፤ ይህ ከሱቅ ይገዛል፣ ከልጆች ምሳ ዕቃ ጋር ይያዛል፣ የታመመ ሰው ስንጠይቅም ይዘነው እንሄዳለን። ሦስተኛው በዱቄት መልክ የሚሸጠውና በውኃ የሚበጠበጠው ነው፤ ከዓረብ አገር ዘመድ ሲመጣ በሻንጣው ውስጥ አይጠፋም። አራተኛው እቤት በእጅ የሚጨመቀው ወይም በብሌንደር የሚፈጨው ነው።

እነዚህ አራቱ በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ ውስጣቸው አንድ አይደለም። የዱቄቱ አብዛኛው ክፍል ስኳር ሲሆን ማኮምጠጫ፣ ቀለምና ጣዕም ተጨምሮበታል፤ ቫይታሚን ታክሎበት ቢሆን እንኳ ከስኳርነቱ አያወጣውም። የታሸገውን በተመለከተ ደግሞ ጽሑፉን ማንበብ ያስፈልጋል። «100% ጁስ» የሚለው ሙሉ በሙሉ ከፍሬ የተገኘ ነው። «ኔክታር» የሚለው ግን በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ መሠረት እንደ ፍሬው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ከ25 እስከ 50 ከመቶ የፍሬ ይዘት ቢኖረው ይበቃዋል፤ የቀረው ውኃና ማጣፈጫ ነው። «ድሪንክ» የተባለው ከዚያም ሊያንስ ይችላል። በማሸጊያው ላይ የተሳለው ብርቱካን ግን በሦስቱም ላይ እኩል ያማረ ነው። ስለዚህ ሥዕሉን ሳይሆን በስተጀርባ ያለውን ትንሹን ጽሑፍ እንይ። በመጀመሪያው ረድፍ ላይ የተጻፈው ነገር በመጠን ከሁሉ የሚበልጠው ነው።

ፍሬው ሲጨመቅ ምን ይለወጣል?

አንድ መካከለኛ ብርቱካን ወደ 12 ግራም ስኳርና ወደ 3 ግራም አሰር (ፋይበር) አለው። አሰር የምንለው የፍሬው ገለፈትና ሥጋ ውስጥ ያለው፣ ጥርስ የሚያደክመው፣ ሆድ ውስጥ ገብቶ የጥጋብ ስሜት የሚሰጠውና አንጀትን የሚያለሰልሰው ክፍል ነው። ልጁ ብርቱካኑን ሲበላ ያላምጣል፣ ጊዜ ይወስዳል፣ አንዱን ወይም ሁለቱን ጨርሶ «በቃኝ» ይላል።

አሁን ብርቱካኑን እንጭመቀው። አንድ ሙሉ ብርጭቆ፣ ማለትም 240 ሚሊ ሊትር ለመሙላት ሦስት ወይም አራት ብርቱካን ያስፈልጋል። በብርጭቆው ውስጥ ወደ 21 ግራም ስኳር ይኖራል፤ ይህም ከአምስት የሻይ ማንኪያ በላይ መሆኑ ነው። አሰሩ ግን ከማጥለያው ላይ ቀርቷል፤ ብርጭቆው ውስጥ የሚገኘው ከግማሽ ግራም ብዙም አይበልጥም። የፖም (አፕል) ጁስ ከሆነ ስኳሩ ወደ 24 ግራም ይደርሳል። ለማነጻጸር ያህል፣ በዚያው መጠን ያለ ኮካ ኮላ 26 ግራም ገደማ ስኳር አለው። ልጁም ለመጠጣት የሚፈጅበት ጊዜ አንድ ደቂቃ አይሞላም፤ አራት ብርቱካን የበላ ልጅ የሚሰማውንም ጥጋብ አይሰማውም።

እርግጥ ነው፣ በብርቱካን ጁስ ውስጥ ለስላሳው የሌለው ቫይታሚን ሲና ሌላም ጠቃሚ ነገር አለ። ስለዚህ ሁለቱ እኩል ናቸው ማለት አይቻልም። በስኳር በኩል ግን ዝምድናቸው የቅርብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው የስኳር መመሪያ ላይ በሻይ ላይ የምንጨምረውን ስኳር፣ ማርን፣ ሽሮፕንና በፍራፍሬ ጭማቂ ውስጥ ያለውን ስኳር በአንድ መደብ አስቀምጧቸዋል። ባልተጨመቀ ፍሬ ውስጥ ያለውን ስኳር ግን ከዚህ መደብ አውጥቶታል። መመሪያው ይህ ዓይነቱ ስኳር ሰው በቀን ከሚያገኘው ጉልበት ከ10 ከመቶ እንዲያንስ፣ ቢቻል ደግሞ ከ5 ከመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል።

ይህ ወደ ቤታችን ሲመጣ ምን ማለት ነው? የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት ከ4 እስከ 6 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ19 ግራም፣ ከ7 እስከ 10 ዓመት ላለው ደግሞ ከ24 ግራም የበለጠ እንዲህ ያለ ስኳር እንዳይሰጥ ይመክራል። የአምስት ዓመት ልጃችን አንድ ሙሉ ብርጭቆ የብርቱካን ጁስ ከጠጣ የቀኑን ስኳር ጨርሶ አልፏል። የጠዋቱ ሻይ፣ ብስኩቱና ከረሜላው ገና አልተቆጠሩም።

የኛ አገር ጁስስ?

አንዳንድ አንባቢ «ይህ ስለ ውጭ አገር ጁስ ነው፤ የኛ ጁስ ወፍራም ነው፣ በማንኪያ የሚበላ ነው» ሊል ይችላል። ልክ ነው። በጁስ ቤቶቻችን የሚዘጋጀው የአቮካዶ፣ የማንጎና የፓፓዬ ጁስ ወይም ሁሉንም ያደራረበው ስፕሪስ ከነሥጋው የሚፈጭ በመሆኑ ከአሰሩ የሚቀርለት አለ። አቮካዶ በተለይ ስኳሩ እጅግ ጥቂት፣ ጥሩ ቅባት ያለው ፍሬ ነው። በዚህ በኩል ስፕሪስ ከታሸገው ጁስ ይሻላል።

ሆኖም ሦስት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። የመጀመሪያው የሚጨመረው ነው። አቮካዶው በራሱ ስለማይጣፍጥ ስኳር ይደረግበታል፤ ከላዩም ብዙ ጊዜ ቪምቶ የሚባለው ቀይ ሽሮፕ ይፈስበታል። ሁለተኛው የብርጭቆው መጠን ነው። ለትልቅ ሰው ተብሎ የተሞላው ብርጭቆ ለአራት ዓመት ልጅ እንዳለ ይቀርባል። ሦስተኛው መፈጨቱ ነው። በብሌንደር የተፈጨ ፍሬ ማላመጥን ስለማይጠይቅ ልጁ በልቶ ከሚችለው በላይ ይጠጣል። የእንግሊዙ የጤና አገልግሎትም የተጨመቀውንም የተፈጨውንም አንድ ላይ ቆጥሮ በቀን ከ150 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ ይመክራል።

በልጁ አካል ላይ የሚያስከትለው

1ኛ/ ሆድን ይሞላል፣ ምግብን ይገፋል። በመምህርነት ሥራችን ደጋግመን የምናየው ነገር አለ። በዕረፍት ሰዓት ልጆች መጀመሪያ የሚያወጡት የጁሱን ጠርሙስ ነው። ጁሱ ያልቃል፤ ምሳ ዕቃው ግን ግማሹ እንዳለ ተከድኖ ወደ ቤት ይመለሳል። እናትም ማታ «ልጄ ምግብ አልበላ አለኝ፤ ምን ይሻለኛል?» ትላለች፤ ምግብ እምቢ ስላለም እንዳይራብባት ሌላ ጁስ ትገዛለታለች። በዚህ ዓይነት የሆዱ ቦታ በጣፋጭ ውኃ ይያዛል። ጁስ ለሰውነት መገንቢያ የሚሆነው ፕሮቲን የለውም ማለት ይቻላል፤ ብረትና ዚንክም አይገኝበትም ያህል ነው። እንቁላሉ፣ ምስሩ፣ ወተቱ፣ ሽሮው የሚገባበት ቦታ ሲያጣ ልጁ ሆዱ ሞልቶ ሳለ ሰውነቱ ይራባል።

ይህ ለኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ5 ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 37 ከመቶ የሚሆኑት የቀነጨሩ፣ ማለትም ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት ያላገኙ ናቸው። ለዚህ ዋናው ምክንያት ጁስ ነው ማለታችን አይደለም፤ ድህነቱ፣ ተደጋጋሚ ሕመሙና የምግቡ አንድ ዓይነት መሆን ነው። ነገር ግን በጥቂት ገንዘብ ልጁን የሚመግብ ወላጅ ያንኑ ገንዘብ ለታሸገ ጁስ ሲያወጣው እንቁላል ሊገዛ የሚችለውን በጣፋጭ ውኃ ለወጠው ማለት ነው።

2ኛ/ ጥርስን ይጎዳል። በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ተሕዋስያን ስኳርን ወደ አሲድ ይለውጣሉ፤ አሲዱም የጥርስን ሽፋን ይቦረቡራል። ጁስ ከዚህ በተጨማሪ የራሱ ኮምጣጣነት አለው። ከሁሉ የከፋው ጁስን በጡጦ ሞልቶ ሕፃኑን ማስተኛት ነው። በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ስለሚቀንስ ጣፋጩ ጥርስ ላይ ተኝቶ ያድራል፤ የላይኞቹ የፊት ጥርሶች ገና በሁለትና በሦስት ዓመት ጠቁረው ይሸራረፋሉ። «የወተት ጥርስ ነው፣ ይወልቃል» ብሎ መናቅም ተገቢ አይደለም። የወተት ጥርስ ለቋሚው ጥርስ ቦታ ጠባቂ ነው፤ የታመመ ጥርስ ያለው ልጅ ደግሞ መብላትም መተኛትም አይችልም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በሲዋክ ላይ አጥብቀው ማሳሰባቸውን ሁላችንም እናውቃለን። የአፍን ንጽሕና ልጆቻችንን ከሶላት ጋር አብረን እናስተምራቸው። ጥርስ ካበቀሉ ጀምሮ እስከ 3 ዓመት የሩዝ ፍሬ የምታክል፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት የአተር ፍሬ የምታክል ፍሎራይድ ያለበት ሳሙና በብሩሽ ላይ አድርጎ በቀን ሁለት ጊዜ ማጽዳት ይበቃል። ጁስ ከጠጡ በኋላ ግን ወዲያው ከመቦረሽ ይልቅ በውኃ መጉመጥመጥ፣ ብሩሹን ከግማሽ ሰዓት በኋላ ማድረግ ይመረጣል።

3ኛ/ ተቅማጥ ያመጣል፣ ያለውንም ያብሳል። የፖምና የመሳሰለው ጁስ ሶርቢቶል የሚባልና የትንሽ ልጅ አንጀት በደንብ የማይመጠው ጣፋጭ ነገር አለው። ብዙ የጠጣ ሕፃን ሆዱ ይነፋል፣ ያስቀምጠዋል። እዚህ ላይ ሕይወትን የሚያህል ነገር ስላለ ወላጆች አደራ እንላለን። ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው «ፈሳሽ ይተካለት» ተብሎ ጁስ ወይም ለስላሳ መስጠት ስሕተት ነው። ብዙ ስኳር ያለው መጠጥ ውኃን ከሰውነት ወደ አንጀት ይስባል፤ ተቅማጡም ይበረታል። የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ) በንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ ነው፤ የሚጠባ ከሆነ ጡት አይቋረጥበትም፤ ከጤና ጣቢያም ዚንክ ይታዘዝለታል።

4ኛ/ ክብደት ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ፣ በሕፃናትና በአዋቂዎች ላይ የተደረጉ 42 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ እንዳሳየው በየቀኑ 100% ጁስ የሚጠጡ ልጆች ክብደታቸው ከቁመታቸው ጋር ሲመዛዘን በመጠኑ ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ ይህም ጎልቶ የታየው አነስ ባሉት ልጆች ላይ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ በአንድ ብርጭቆ ልጅ አይወፍርም። ነገር ግን በከተማ ያለ ልጅ እንደ ቀድሞው የሚሮጥበት ሜዳ እየጠበበ፣ በቴሌቪዥንና በስልክ ፊት የሚቀመጥበት ሰዓት እየረዘመ በሄደበት ዘመን ትንሹም ይጠራቀማል።

«ቀይ ነገር ደም ይሆናል»

በብዙ ቤቶች ፊቱ የገረጣ ልጅ የቀይ ሥር ጁስ ወይም ሌላ ቀይ መጠጥ ይሰጠዋል፤ ደም ይተካል ተብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ካሉ የአገራችን ሕፃናት 57 ከመቶ ያህሉ ደም ማነስ ተገኝቶባቸው ነበርና ጭንቀቱ ከመሬት የተነሳ አይደለም። መፍትሔው ግን በቀለም አይገኝም። ቀይ ሥር መልካም አትክልት ቢሆንም የብረት ይዘቱ አነስተኛ ነው። ደም የሚሠራው ብረት በብዛት የሚገኘው በጉበት፣ በቀይ ሥጋ፣ በምስርና በመሳሰሉት ጥራጥሬዎች ውስጥ ነው።

ፍራፍሬ የሚረዳው በሌላ መንገድ ነው። ቫይታሚን ሲ ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘው ብረት ወደ ደም እንዲገባ ያግዛል። ስለዚህ ልጁ የምስር ወጥ በእንጀራ በልቶ በላዩ ላይ ግማሽ ብርቱካን ወይም አንድ ዘይቱን ቢበላ እጅግ ይጠቅመዋል። ዘይቱን ርካሽ ነው ብለን አንናቀው፤ በቫይታሚን ሲ ብርቱካንን ወደ አራት እጥፍ ይበልጠዋል። በአንጻሩ ከምግብ ጋር የሚሰጥ ሻይ ብረቱን ያስቀረዋል። ለልጆች ከምሳ ጋር ሻይ ማቅረብ የለመድን ቤተሰቦች ብንተወው ይሻላል። ልጁ በእርግጥ የገረጣ፣ የሚደክመው ከሆነ ግን ወደ ጤና ጣቢያ ወስዶ ደሙን ማስመርመር ያስፈልጋል።

የንጽሕና ነገር

ፍሬ ከነልጣጩ ሳለ አላህ ያሸገው ነው ማለት ይቻላል። ከተላጠና ከተፈጨ በኋላ ግን ንጽሕናው በቢላው፣ በእጁ፣ በብሌንደሩ፣ በውኃውና በበረዶው ላይ ይመሠረታል። የታይፎይድና የተቅማጥ ተሕዋስያን የሚገቡት በዚህ በኩል ነው። ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ ባልተፈላ የፖም ጭማቂ ምክንያት ከ60 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ልጆች፣ ታመው አንዲት ሕፃን ሞታለች። ከሁለት ዓመት በኋላም የአገሪቱ መንግሥት ያልተፈላ የታሸገ ጭማቂ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት አዘዘ። ስለዚህ ጁስ ቤት ስንገባ የብርጭቆው ማጠቢያ ውኃ ምን እንደሚመስል፣ ፍሬው ታጥቦ መሆን አለመሆኑን፣ ጁሱ አሁን የተፈጨ ይሁን ከጠዋት ጀምሮ የቆየ እንይ። ካላማረን ሙዝ ወይም መንደሪን ገዝተን እጃችንን ታጥበን ብንልጥለት ይሻላል።

ታዲያ ምን ያህል?

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ምክር ያስቀመጠው መጠን ለቤታችን መለኪያ ሊሆነን ይችላል። መጠኑ ስኳር ላልተጨመረበት ጁስ ነው።

— ከ1 ዓመት በታች፦ ምንም ጁስ አይሰጥም፤ ሐኪም ለተለየ ምክንያት ካላዘዘ በቀር።
— ከ1 እስከ 3 ዓመት፦ በቀን ቢበዛ 120 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ግማሽ ብርጭቆ።
— ከ4 እስከ 6 ዓመት፦ ከ120 እስከ 180 ሚሊ ሊትር።
— ከ7 እስከ 18 ዓመት፦ እስከ 240 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ ብርጭቆ።

ይህ የመጨረሻው ጣሪያ እንጂ ልጁ የግድ ሊሞላው የሚገባ ግዴታ አይደለም። ፍሬውን የሚበላ ልጅ ጁስ ሳይጠጣ ቢያድግ የሚጎድልበት ነገር የለም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ላሉ ሕፃናት ስኳር የተጨመረበት መጠጥ እንዳይሰጥ፣ 100% ጁስም ቢሆን እንዲወሰን መክሯል።

ሕፃን እስከ 6 ወር ከእናት ጡት ሌላ ውኃም፣ የስኳር ውኃም፣ ጁስም አያስፈልገውም። ከዚያ በኋላ ጡቱ ሳይቋረጥ ሌላ ምግብ ይጀመርለታል። ቁርኣን በሱረቱል በቀራህ ላይ ማጥባትን መሙላት ለሚሹ ሁለት ሙሉ ዓመት ማስቀመጡን እናስታውስ፤ የዘመኑ የጤና ምክርም ጡት ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲቀጥል ነው። ፍራፍሬ ለማስጀመር በማንኪያ የተደቆሰ አቮካዶ፣ ሙዝ፣ የበሰለ ፓፓዬ ወይም ማንጎ ከማንኛውም ጁስ ይበልጣል፤ ስኳርም አይጨመርበትም። ማር የተከበረ ምግብ ቢሆንም ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም፤ አንጀቱ ገና ያልጠነከረ ሕፃን በማር ውስጥ ሊኖር ከሚችል ተሕዋስ የተነሳ በጽኑ ሊታመም ይችላልና። ከ4 ዓመት በታች ላሉት ደግሞ ወይን፣ ቴምርና የመሳሰለው ፍሬው ወጥቶ፣ ተቆራርጦ ይሰጥ፤ እንዳያንቃቸው።

ጁስ በሚሰጥበት ጊዜም በጡጦ ሳይሆን በብርጭቆ፣ ቀኑን ሙሉ እየተጎነጩ ሳይሆን ከምግብ ጋር አንድ ጊዜ ይሁን። ጁስ ቤት ስንገባ «ያለ ስኳር፣ ያለ ሽሮፕ» ማለትን እንልመድ፤ አንዱን ብርጭቆም ለሁለት ልጆች ማካፈል ይቻላል፤ በረካውም በመካፈል ነው።

«ልጄ ውኃ አይጠጣም» የሚሉ እናቶች አሉ። ልጅ የሚለምደው የቀረበለትን ነው። የለመደውን ጁስ በአንድ ቀን ከመከልከል ይልቅ በየሳምንቱ ንጹሕ ውኃ እየጨመሩ ማቅጠን፣ መጠኑንም እያሳነሱ መሄድ ይቻላል። የትምህርት ቤቱንም ጠርሙስ ውኃ እንሙላበት፤ ከጎኑ ሙዝ ወይም መንደሪን እናድርግለት። ከሁሉ በላይ ግን ልጅ አባቱና እናቱ የሚጠጡትን ያያል። እኛ ከምሳ ጋር ለስላሳ ከፍተን እርሱን «ውኃ ጠጣ» ብንለው አይሰማንም።

ጁስ የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ። የስኳር በሽታ ያለበት ልጅ ስኳሩ በድንገት ወርዶ ሲንቀጠቀጥና ሲያልበው ግማሽ ብርጭቆ ጁስ ፈጥኖ ይረዳዋል። ሆድ ድርቀት ለያዘው ልጅም ሐኪም ጥቂት ጁስ ሊያዝ ይችላል።

ረመዳንና ዘመድ ጥየቃ

በረመዳን ማዕዳችን ላይ ጁስ ከሌላው ወር ሁሉ ይበዛል። ጾምን የሚለማመዱ ልጆቻችንም ቀኑን ውለው መግሪብ ላይ መጀመሪያ የሚያነሱት ቀዩን ወይም ቢጫውን ብርጭቆ ነው። ሁለት ብርጭቆ ጠጥተው ሾርባውንም ሳምቡሳውንም ሳይነኩ ይተኛሉ፤ ለሱሑር ሲነሱም አቅም የላቸውም። የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሱና እርጥብ ቴምር፣ እርሱ ከሌለ ደረቅ ቴምር፣ እርሱም ከሌለ ጥቂት ጉንጭ ውኃ መሆኑ ይታወቃል። ቴምርም ጣፋጭ ነው፤ ግን ከነአሰሩ የሚታኘክ በመሆኑ አንድ ወይም ሦስት ፍሬ በልቶ ውኃ የጠጣ ልጅ ጥሙም ይበርድለታል፣ የምግብ ቦታም ይተርፈዋል። ጁሱ ከምግቡ ጋር በትንሽ ብርጭቆ ይቅረብ። ሆድን ለምግብ፣ ለመጠጥና ለትንፋሽ በሦስት መክፈልን ያስተማረን ዲን ይህንኑ ነው የሚሻልን።

የታመመን መጠየቅ ትልቅ ዒባዳ ነው፤ ባዶ እጅ አለመሄዳችንም መልካም ባህል ነው። ነገር ግን ከታመመ ልጅ ራስጌ ላይ የሚደረደሩትን የጁስ ካርቶኖች ብዛት ስናይ ሁላችንም አንድ ነገር ይዘን መሄዳችን ይገርማል። በምትኩ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ፓፓዬ፣ እንቁላል ወይም ወተት ብንይዝ፣ አለዚያም ወጪ ለበዛባት እናት በእጇ ጥቂት ገንዘብ ብናስጨብጣት የበለጠ ትጠቀማለች። የበዓል ቀን ለልጆች የሚሰጠው ስጦታና «ቁርኣን ስላፈዝክ» ተብሎ የሚደረገው ሽልማትም ሁልጊዜ ጣፋጭ መሆን የለበትም። ልጅ ደስታን ሁሉ ከስኳር ጋር አያይዞ ካደገ በኋላ ማለያየቱ ይከብዳል።

ውድ ወላጆች! ልጆቻችን አላህ (ሱ.ወ) የሰጠን አማና ናቸው። ስለ ዲናቸውና ስለ ትምህርታቸው እንደምንጠየቅ ሁሉ ስለ አካላቸውም እንጠየቃለን። በሱረቱል አዕራፍ ብሉ ጠጡ ተብለን ወሰን እንዳናልፍ መታዘዛችንም ለትልቁ ብቻ ሳይሆን ገና መጠኑን ለማያውቀው ለልጃችንም ነው፤ ስለ እርሱ መጠኑን የምንጠብቅለት እኛ ነንና። ፍሬውን ይብሉ፣ ጥማቸውን በውኃ ያርኩ፣ ጁሱም አልፎ አልፎ በልኩ ይድረሳቸው። ወጣቶችም ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ከሆነ ለታናናሾቻችሁ መንደሪን ላጡላቸው፤ ለእናታችሁም ምክሩን አንብቡላት።

አላህ ልጆቻችንን በጤና፣ በዒልምና በመልካም ሥነ ምግባር ያሳድግልን። ኣሚን! በሚቀጥለው ወር በሌላ ርእስ እስክንገናኝ ድረስ ደኅና ሁኑ። ወላሁ አዕለም።